«እሺ» የሚለን ሐኪም ወይስ እውነቱን የሚነግረን?



እዚህ ጀርመን ተወልደን ወይም በልጅነታችን መጥተን ያደግን ሁሉ አንድ የጋራ ሥራ አለን። ደመወዝ የለውም፣ ዕረፍትም የለውም፤ ለእናትና ለአባት ማስተርጎም ነው። ጀርመንኛ ማንበብ በጀመርንበት ዓመት ከጤና መድን የሚመጣ ደብዳቤም ማንበብ ጀምረናል። ከዚህ ሥራ ሁሉ ለእኔ የከበደኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ልጄ፣ ሌላ ሐኪም ፈልጊልኝ» የሚለው።

ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ስልክ መደወልና ቀጠሮ መያዝ ነው። ውስጡ ግን ከባድ ጥያቄ አለ። ከማይለቅ ሕመም ጋር የሚኖር ሰው የመረጠውን መንገድ የሚደግፍለት ሐኪም ሲፈልግ መብቱን እየተጠቀመ ነው ወይስ ከእውነት እየሸሸ? ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የኩላሊት ሕመም በየቤታችን አለ። ረመዷን በቀረበ ቁጥርም ይህ ጥያቄ ይነሳል። ስለዚህ ዛሬ አብረን እናስብበት።

ሁለት ሐኪሞች፣ አንድ ጉድለት

የምንኖረው ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ውስጥ ነው፤ ከማይንትሰር ላንድሽትራሰ ብዙም አንርቅም። እናቴን ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ከያዛት አሥር ዓመት አልፏል። ክኒኗን ትወስዳለች፤ ረመዷንን ግን መጾም ትፈልጋለች። «ቤቱ ሁሉ ሲጾም እኔ ብቻዬን ቁርስ ልበላ?» ትላለች። ይህን ስትል ምግብ እያማረራት አይደለም፤ ከሰው መለየቱ ነው የሚያማት።

የመጀመሪያው ሐኪም ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «መጾም አይቻልም፣ አደገኛ ነው» አላት። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ጾሙ ስንት ሰዓት እንደሆነ አልጠየቀም፤ አደጋው ከየትኛው ክኒን እንደሚመጣም አልነገራትም። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፣ አመሰገነች፣ ወጣች። ከዚያም ጾመች፤ ክኒኑንም በራሷ ግምት ወደ ማታ አዛወረችው። በሚቀጥለው ዓመት ያገኘነው ሁለተኛው ሐኪም ደግሞ «ሃይማኖትዎ ነው፣ እንደ ፈለጉ» አላት። እናቴ ደስ ብሏት ወጣች። «ይሄ ጥሩ ሰው ነው» አለችኝ።

እኔ ግን ሁለቱ መልሶች አንድ ሆነው ታዩኝ። አንዱ ከለከለ፣ ሌላው ፈቀደ፤ ሁለቱም ግን ምንም አልጠየቁም።

ቁጥሮቹም ሁለቱንም አይደግፉም። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤፒዲያር የተባለ ጥናት በ13 አገሮች 12,243 የስኳር ሕመምተኞችን ተመልክቶ ነበር። ዓይነት ሁለት ስኳር ካለባቸው 79 በመቶ፣ ዓይነት አንድ ካለባቸው ደግሞ 43 በመቶ የሚሆኑት በረመዷን ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። እንግዲህ «አይቻልም» የሚል ባዶ ቃል ብዙ ሰው አያስቆምም፤ ሰውየው ይጾማል፣ ለሐኪሙ ግን አይናገርም። ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። ሐኪም ቤት የሚያስተኛ ከባድ የስኳር መውረድ በረመዷን በዓይነት አንድ ሕመምተኞች ላይ 4.7 እጥፍ፣ በዓይነት ሁለት ላይ ደግሞ 7.5 እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ «እንደ ፈለጉ» የሚለውም ደግነት አይደለም።

«ደሴ እያለሁ እጾም አልነበር?» የሚለው የእናቶቻችን ክርክርም እዚህ አይሠራም። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላይ ጾሙ ዓመቱን ሙሉ ከ13 እስከ 14 ሰዓት ገደማ ነው። ፍራንክፈርት ላይ ግን ረመዷን ጁን ላይ ሲውል፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ወደ 18 ሰዓት ይደርሳል። አካሉ ያው ቢሆንም ቀኑ ያው አይደለም።

ሦስተኛዋ ሐኪም

ሦስተኛዋ የስኳር ልዩ ሐኪም ነበረች። ሪፈር አጽፈን፣ ብዙ ሳምንት ጠብቀን ነው ያገኘናት። ወንበሯን ያዞረችው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እናቴ ነበር። «መጾም የፈለጉት ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ጥያቄዎቿ ተከታተሉ። ዘንድሮ ጾሙ ስንት ሰዓት ነው? ስኳርዎ ወርዶ ያውቃል? ሲወርድስ ይታወቅዎታል? ኩላሊትዎን መቼ ተመረመሩ? ቀን ቤት ውስጥ አብሮዎት የሚሆን ሰው አለ?

በመጨረሻ እንዲህ አለቻት፦ «የእኔ ምክር ባይጾሙ ነው። ሆኖም እጾማለሁ ካሉ ብቻዎን አልተውዎትም። ይህ ክኒን ባዶ ሆድ ላይ ስኳር ስለሚያወርድ እንለውጠዋለን። በቀን ብዙ ጊዜ ይለካሉ። ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ፣ ለመግሪብ አምስት ደቂቃ ቢቀረው እንኳ ያቋርጣሉ። በዚህ ካልተስማማን ግን ዕቅዱ ላይ አልፈርምም።»

እናቴ መጀመሪያ አልወደደቻትም። በትራም ስንመለስ «አስቸጋሪ ናት» አለችኝ። ሆኖም ሌላ ሐኪም ፈልጊልኝ አላለችም።

እኔ ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ይህች ሐኪም የእናቴን ምርጫ አልደገፈችም። እናቴን ግን ደገፈቻት። ምርጫን መደገፍና መራጩን መደገፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «የሚደግፈኝ ሐኪም» ስንል ብዙውን ጊዜ የምንፈልገው የመጀመሪያውን ነው፤ የሚጠቅመን ግን ሁለተኛው ነው። ምርጫችንን ብቻ የሚደግፍ ሐኪም ምርጫው ሲከፋ ከእኛ ጋር የለም። እኛን የሚደግፍ ሐኪም ግን የምንሄድበት መንገድ ባይጥመውም፣ ጉድጓዱ የት እንዳለ እየነገረን አብሮን ይሄዳል።

የሰውነታችን ጉዳይ የማን ነው?

«ሐኪም የሚለውን መስማት ነው እንጂ ምን ምርጫ አለ?» የሚል ይኖራል። በወላጆቻችን አገር የብዙዎች ልማድ ይህ ነው። እዚህ ያለው ሕግ ግን ሌላ ነው፤ ታሪክም አለው።

እ.ኤ.አ. በ1894 ላይፕሲግ የነበረው የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሐምቡርግ የመጣ አንድ ጉዳይ አየ። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ እግሯን የአጥንት ቲቢ ይዟት ነበር። አባቷ በተፈጥሮ ሕክምና የሚያምን ሰው ስለነበር ቀዶ ሕክምናውን ተቃወመ፤ ሐኪሙ ግን አደረገው። ፍርድ ቤቱ ሕክምናው በሙያው ትክክል ቢሆን እንኳ ያለ ፈቃድ ከተደረገ በሕግ ዓይን አካል ላይ ጉዳት እንደማድረስ ይቆጠራል አለ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2013 ሥራ ላይ የዋለው የሕመምተኞች መብት ሕግም ይህንኑ በግልጽ ጻፈው። ሐኪሙ በሚገባን ቋንቋና መንገድ ማስረዳት አለበት፤ ያለ ፈቃዳችን አያክመንም፤ የሰጠነውን ፈቃድ በማንኛውም ጊዜ ማንሳት እንችላለን፤ የሕክምና ፋይላችንንም ማየት እንችላለን።

ጋሉስ ለምንኖር ደግሞ ይህ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። ፍራንከንአሌ ላይ ያለውን የሳልባው ጋሉስ አዳራሽ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከኤፕሪል 1964 እስከ ኦገስት 1965 የአውሽቪትስ ችሎት የተቀመጠው እዚያ ነበር። ከተከሳሾቹ መካከል አንድ ሐኪም፣ ሁለት የጥርስ ሐኪሞችና አንድ የመድኃኒት ባለሙያ ነበሩበት። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ የናዚ ሐኪሞች በኑረምበርግ ሲፈረድባቸው በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር የወጣው ደንብ የመጀመሪያ ነጥቡ የሰውየው የፈቃደኝነት ስምምነት ነው። የዛሬ ሐኪሞችን ከእነዚያ ጋር እያወዳደርኩ አይደለም፤ አላህ ይጠብቀን። ግን ሐኪም ቤት የምንፈርማት ወረቀት ቢሮክራሲ ብቻ እንዳልሆነች እንድናውቅ ነው። ያቺን ወረቀት ሰዎች ብዙ ዋጋ ከፍለውባታል።

ይህ መብት ድንበር አለው። ማንኛውንም ሕክምና «አልፈልግም» ማለት ሙሉ መብታችን ነው። «ይህንን ስጠኝ» ማለት ግን የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙም ሙያና ሕሊና አለው፤ ይጎዳል ብሎ የሚያምነውን እንዲያደርግ ልናስገድደው አንችልም። እናቴ ለመጾም የማንንም ፊርማ አያስፈልጋትም። ክኒኑን ለመለወጥ ግን ሐኪም ያስፈልጋታል። ስለዚህ ጉዳዩ መብት በመቁጠር ብቻ አያልቅም፤ የሁለት ሰዎች መተማመን ያስፈልገዋል።

ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት

ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ስለዘገቡት ስለ አንዲት ጥቁር ሴት ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የሚጥል በሽታ ነበረባት። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች። እሳቸውም ሁለት መንገድ አስቀመጡላት፤ ከታገሰች ጀነት አላት፣ ከፈለገች ደግሞ እንድትድን ዱዓ ያደርጉላታል። እሷ ትዕግሥትን መረጠች። ግን እዚያ ላይ አላቆመችም፤ በሽታው ሲጥላት ሰውነቷ እንዳይገለጥ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነች። አደረጉላት።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ሶብር ሲነገር ነው፤ እውነት ነው፣ ስለ ሶብር ነው። እስቲ ግን ሥርዓቱንም እንየው። መጀመሪያ ሁለቱ መንገዶች ከነውጤታቸው በግልጽ ተነገሯት። ቀጥሎ ምርጫው ለእሷ ተተወ። ከመረጠች በኋላም «እንግዲህ መርጠሻል፣ ቻይው» አልተባለችም፤ በመረጠችው መንገድ ላይ የሚያስጨንቃትን ነገር ስትናገር ተረዳች። እውነት፣ ምርጫ፣ ከዚያም አብሮነት ማለት ነው።

ሌላም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጠና ታመው ሳሉ በቤቱ የነበሩት ሰዎች መድኃኒት በአፋቸው አፈሰሱላቸው። እሳቸው እንዳያደርጉት በምልክት ከልክለው ነበር፤ ሰዎቹ ግን ሕመምተኛ መድኃኒት ስለሚጠላ ነው ብለው ገመቱ። ሲሻላቸው ወቀሷቸው፤ ከአጎታቸው ከዐባስ በስተቀር እዚያ የነበሩት ሁሉ ያንኑ መድኃኒት እንዲጎነጩም አዘዙ። ይህን የዘገቡት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ናቸው። በፍቅር የተደረገ ቢሆንም እንኳ የታመመን ሰው «አይሆንም» ማለፍ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

በሌላው በኩል ደግሞ ሰውነታችን አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ የጾምን ግዴታ ባወረደበት ቦታ ላይ ለታመመና ለመንገደኛ ፈቃድ አብሮ አውርዷል፤ ለእኛ የሚሻው ቀላሉን መሆኑንም ነግሮናል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ራሱን የተፈነከተ አንድ ሶሐባ በተየሙም መብቃቃት ይችል እንደሆነ ጓደኞቹን ጠየቀ። ውሃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት፤ ታጠበ፣ ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጅግ ተቆጡ፤ ያላወቀ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም ተናገሩ። ስለዚህ «በርቺ፣ አላህ ያግዝሻል፣ ጹሚ» ብለን ስኳር ያለባትን እናት የምናደፋፍር ሰዎች ያለ ዕውቀት ፈትዋ እየሰጠን እንዳይሆን እንፍራ።

ፈትዋ መልቀምና ሐኪም መልቀም

የሚመቸውን መልስ እስኪያገኝ ድረስ ከአንዱ ዓሊም ወደ ሌላው የሚዞር ሰው ዑለማዎቻችን እንደሚነቀፍ ታውቃላችሁ። ከየመዝሀቡ ሩኽሳ እየለቀመ የሚሄድ ሰው ዲኑን ሳይሆን ስሜቱን ነው የሚከተለው። በሐኪምም ያው ነው። ጀርመን ውስጥ ሐኪማችንን በነፃነት መምረጥ እንችላለን፤ ሕጉ በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት አትቀያይሩ ይላል እንጂ በሩን አይዘጋም። ይህ ነፃነት ኒዕማ ነው። «እሺ» ማሳደጃ ካደረግነው ግን ይጎዳናል።

ታዲያ ጥሩ ሐኪም እየፈለግን ይሁን «እሺ» እያሳደድን በምን እናውቃለን? እኔ ሦስት ጥያቄዎች እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ የቀድሞው ሐኪም ያለኝን ለአዲሱ እነግረዋለሁ? የምደብቅ ከሆነ የምፈልገው ሐኪም ሳይሆን ማኅተም ነው።

ሁለተኛ፣ ይህ ሐኪም ሰምቶኝ፣ መርምሮኝና ምክንያቱን አስረድቶኝ «አይሆንም» ቢለኝ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ? ሳያዳምጥ የከለከለን ሐኪም መተው ተገቢ ነው። አዳምጦ የከለከለንን መተው ግን ሁለት ጊዜ ማሰብ ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ሐኪሙ «እሺ» ሲል መቼ ማቆም እንዳለብኝ ነግሮኛል? ድንበር የሌለው «እሺ» ግድ የለሽነት ነው።

«ሙስሊም ሐኪም ካገኘን ይበቃል» የሚልም አለ። ሙስሊም ሐኪም ጾም ምን እንደሆነ ማስረዳት ሳያስፈልገን ይገባዋል፤ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሳይመረምር «ኢንሻአላህ ትችያለሽ» የሚል ሙስሊም ሐኪም፣ መርምሮ እውነቱን ከሚናገር ሙስሊም ያልሆነ ሐኪም አይሻልም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ሲሰደዱ መንገድ መሪ አድርገው የቀጠሩት ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ በዚያን ጊዜ ሙስሊም አልነበረም። ኢብኑል ቀይም ከዚህ ተነስተው በሕክምና ጉዳይም ታማኝና አዋቂ የሆነ ሙስሊም ያልሆነን ሰው መስማት እንደሚቻል ጽፈዋል። የሚያስፈልገው ዕውቀትና ታማኝነት ነው።

የእኛ የአስተርጓሚዎቹ አማና

ከሐኪሙ እውነት የምንጠብቅ ከሆነ ከእኛ ወገን ያለውም እውነት መሆን አለበት። እዚህ ላይ ነው እኛ ወጣቶች የምንገባው።

አንድ ቀን ወደ ሐኪሟ እየሄድን እናቴ «ሽፈራውና አብሽ እንደምጠጣ አትንገሪያት፣ ትቆጣኛለች» አለችኝ። እነዚህን በየቤታችን እናውቃቸዋለን፤ ከጥቁር አዝሙድና ከማር ጋር የእናቶቻችን ፋርማሲ ናቸው። ይሁንና ስኳር ሊቀንሱ ስለሚችሉ ከክኒን ጋር ሲደመሩ ሐኪሟ ማወቅ አለባት። እኔ አጣብቂኝ ውስጥ ገባሁ። ብናገር የእናቴን ምስጢር አወጣሁ፤ ዝም ብል ሐኪሟ በጎደለ መረጃ ልትወስን ነው። «እማዬ፣ አንቺ ካልፈቀድሽ አልናገርም። ግን ስትጠይቅሽ ሌላ ነገር አድርጌ አላስተረጉምም» አልኳት። ዝም አለች። ገብተን ሐኪሟ ሌላ የምትወስደው ነገር እንዳለ ስትጠይቅ፣ እናቴ እኔን ሳትጠብቅ በራሷ ጀርመንኛ «ኢሽ ትሪንከ ብላት» አለች፤ ቅጠል እጠጣለሁ ለማለት። ሐኪሟ ሳቀችና «የትኛውን ቅጠል?» ብላ ወረቀቷን አነሳች። አልተቆጣችም።

አስተርጓሚን ሦስት ነገሮች ይፈትኑታል፤ ማሳጠር፣ ማለስለስና የራስን ሐሳብ መጨመር። ሐኪሙ አምስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ እኛ «ደህና ነሽ ይላል» ካልን እናታችን የመምረጥ መብቷን ያጣችው በሐኪሙ ሳይሆን በእኛ ነው። እናታችን «አንዳንዴ ያዞረኛል» ስትል «ደህና ናት» ብለን ካለፍን ደግሞ ሐኪሙን ዓይነ ስውር አደረግነው። ከባድ ዜና ሲመጣ ማለስለስ የሚያምረን ከፍቅር ነው። ግን በፍቅር ስለፈሰሰው መድኃኒት የተነገረውን ታሪክ አንርሳ።

ለመጪው ረመዷን

ጥቂት ጠቃሚ ነገሮች ልጨምር። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ከዲያቢቲስና ረመዷን ኅብረት ጋር ያወጣው መመሪያ የእያንዳንዱን ሰው አደጋ በነጥብ ያሰላል፤ ከ6 ነጥብ በላይ ያገኘ እንዳይጾም ይመክራል። ከሐኪም ጋር መነጋገሩም ረመዷን ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀድሞ እንዲሆን ይላል፤ ስለዚህ ቀጠሮውን ከወዲሁ ያዙ። ልዩ ሐኪም ማግኘት ከከበዳችሁ በ116117 ደውላችሁ ቀጠሮ እንዲያፈላልጉላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ስኳር ለመለካት ጣትን መውጋት ጾምን አያፈርስም፤ ኢንሱሊን መወጋትም እንደማያፈርስ ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች ተናግረዋል። መልሱ «አይሆንም» ከሆነም በር አልተዘጋም፤ ሕመሙ የማይለቅና መጾም የማይችል ሰው ፊድያ አለው፤ በኋላ መጾም ለሚችል ደግሞ ዲሴምበር ላይ የፍራንክፈርት ጾም 10 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው።

እናቴ እ.ኤ.አ. በ2025 ረመዷን በዕቅዱ መሠረት 19 ቀን ጾመች። አንድ ቀን ለመግሪብ አንድ ሰዓት ሲቀረው ለካችና 66 አገኘች። ተምሩን በእጇ ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ቢስሚላህ ብላ በላችው። የቀሩባትን ቀናት ሐኪሟን አስፈቅዳ በክረምቱ አጭር ቀን ቀስ እያለች ቀዷ አወጣች። ለእኔ ያቺ ተምር ከጾመቻቸው ቀናት የምታንስ ዒባዳ አትመስለኝም፤ አማናዋን ጠብቃባታለች። ያን ቀን እንድትበላ ያስቻላት ደግሞ ክልከላ ሳይሆን አስቀድሞ የተነገራት እውነትና የሰጠችው ቃል ነው።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፤ ለወላጆቻችን ዓፊያ ይስጥልን፤ ሐኪሞቻቸውን እውነት ተናጋሪ፣ እኛንም በምናስተረጉመው ቃል ታማኝ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።